ከሩጫ በፊት የተቀዳ ደም

በዚያ ጠዋት በሱቁ በረንዳ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ሯጯ ልጄ፣ ወባ ይዞት ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ የተደገፈው አባቷ፣ አሰልጣኟ፣ ደም ልትቀዳ ከባሕር ዳር የመጣችው ተመራማሪ፣ የሱቁ ባለቤት ሐጂ፣ ማሰሮዎቿን ለገበያ ያወረደችው ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪዋ፣ ከልጄ ጋር የሚሮጡ ልጆች፣ እና ማንም ሳይጠራት መጥታ ጥላ ውስጥ የቆመች አንዲት ቀይ ላም። ላሟን ከሰው ጋር መቁጠሬ አለምክንያት አይደለም። መርፌው የልጄ ክንድ ውስጥ ሲገባ ዓይኔን ያሳረፍኩት በእሷ ላይ ነው። እሷም አየችኝ፤ ደግሞ ማመንዠኳን ቀጠለች።

ወሩ ኅዳር ነበር። የፎገራን ሜዳ ለማያውቅ ሰው ኅዳርን ማስረዳት ይከብደኛል። በነሐሴ ሜዳው ውሃ ይለብሳል፤ ጎረቤት ከጎረቤት በታንኳ ይጠያየቃል። በመስከረም ውሃው ወደ ጣና ይሸሻል። በኅዳር ሩዙ ይበስልና፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድበት መሬትና ሰማይ አንድ ቀለም ይሆናሉ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የላም ቀንድ ይወጣል፤ ቀጥሎ የሰው ራስ፤ እግር የሚባል ነገር አይታይም። ሰው ሁሉ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ያን ጊዜ ሳስታውስ እኔም እንደዚያ ነኝ። የሆነውን ሁሉ በተራው አውቀዋለሁ፤ ግን እግሬ መሬት ሳይነካ ያለፍኩበት ይመስለኛል።

ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ሩጫ ይዛ ነበር። ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብረው ደጋ ላይ፣ ሯጮች የሚሰለጥኑበት ካምፕ አለ፤ አሰልጣኟ እዚያ እንድትገባ አጭቷታል። ተመራማሪዋ ደግሞ ሩጫ በሰው ደም ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የምታጠና ናት። አሰልጣኙ «ልጆቼን ቅጂ፤ ጤናቸውንም በዚያው አያለሁ» ብሏት ተስማሙ። እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ደም የሚቀዳው ሰው ሲታመም እንደሆነ ነው የማውቀው። ጤነኛ ልጅን በመርፌ መውጋት በሽታን በስሙ እንደመጥራት መሰለኝ።

«እናቴ፣ አይስጉ» አለችኝ ተመራማሪዋ ጓንቷን እያጠለቀች። «ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምቀዳት። ሳትሮጥ፣ ሮጣ እንደጨረሰች፣ ከዚያ ደግሞ አርፋ።»

«ብቻ ትላለች እኮ!» አለች ሸክላ ሠሪዋ። «ሦስት ጊዜ ሲቀዳማ የእኔም ማሰሮ ያልቅበታል።»

«ትንሽ ትንሽ ነው፤ ሰውነቷ ይተካዋል።»

«እሱንማ እናቷ ናት የምትተካው» አሉ ሐጂ ከባንኮኒያቸው ጀርባ። «ዛሬ ዶሮ አትተርፍም፤ ወላሂ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዶሮዋን በልቤ መርጫት ነበርና።

«ምን ልታገኚበት ነው?» አልኳት።

ብልቃጧን አስቀምጣ ከፊቴ ቁጢጥ አለች። ሰውነታችን ከጥቃቅን ህዋሳት የተሠራ እንደሆነ፣ በእያንዳንዷ ህዋስ ውስጥ በዓይን የማትታይ ክር ተጠቅልላ እንደምትኖር፣ ስሟም ዲኤንኤ እንደሆነ ነገረችኝ። የልጄ ቁመት፣ የፀጉሯ ዓይነት፣ ከእኔም ከአባቷም የወረሰችው ሁሉ በዚያች ክር ላይ ነው አለችኝ።

«ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ነዋ» አለ ባለቤቴ ከጋቢው ውስጥ።

«አዎ አባቴ፣ እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያ ሩጫው ከእኔ ነው።»

«አንተ ደግሞ መቼ ሮጠህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጅብ ያየሁ ዕለት። አሰልጣኝ አልነበረም እንጂ አንደኛ ነበርኩ።»

ተመራማሪዋ ስቃ ቀጠለች። ሰው በኃይል ሲሮጥ የዚያ ክር ቁርጥራጭ ወደ ደም ይለቀቃል። ሩጫው በበረታ ቁጥር ቁርጥራጩ ይበዛል። ሰውየው ሲያርፍ ደግሞ ሰውነቱ ራሱ ጠርጎ ያጠፋዋል፤ ብዙ ሳይቆይ ደሙ እንደ ድሮው ይሆናል።

«ይበጠሳል ማለት ነው?» አልኩ።

«ይበጠሳል ብለው አይውሰዱት። አብዛኛው ከነጭ የደም ህዋሳት የሚወጣ ይመስለናል። ጉዳት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ይወጣል?»

«ለምን እንደሚወጣ በደንብ አናውቅም። ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።»

ያላወቀችውን አላውቅም ማለቷ ደስ ሊለኝ ሲገባ አስፈራኝ። በማህፀኔ የፈተልኩት ክር በየሩጫው እየተቆራረጠ ደሟ ውስጥ ሲንሳፈፍ ታየኝ።

መርፌው ሲወጣ ሸክላ ሠሪዋ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «እኔ ዞር ልበል፤ ኋላ ደሟን አየችባት ብላችሁ በእኔ እንዳታሳብቡ!»

«ቁጭ በይ አንቺ፤ ደግሞ ጀመረሽ» አልኳት። በእኛ አገር የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል እያለ የሚያማ ሰው ዛሬም አይጠፋም። እሷ ሐሜቱን ከሌላው አፍ ነጥቃ ራሷ ታወራዋለች፤ ስትስቅ የሚያማት ሰው ያፍራል። ተመራማሪዋ አልገባትም፤ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አየች።

ከዚያ ልጄን ጠየቀቻት። «ደህና ተኝተሻል?»

«ተኝቻለሁ።»

«ዛሬ ሮጠሻል? ስፖርት ሠርተሻል?»

«አልሠራሁም።»

ወደ እኔ ዞረች። እኔም መሰከርኩ። «ጫማዋን እንኳ አላሰረችም» አልኩ። እውነት ነው፤ ጫማዋን አላሰረችም። ጎህ ሲቀድ ግን በባዶ እግሯ ወንፈል ወጥታ ነበር። ወንፈል የእጅ ብድር ነው፤ ዛሬ ጎረቤት ለእኔ ሩዝ ካጨደ ነገ እኔ ለእሱ አጭዳለሁ። አባቷ ወባ ስለያዘው የእሱን ተራ የምትሞላው እሷ ነበረች። ጉሙ ሳይነሳ ጎንበስ ብላ አጨደች፤ ነዶውን በጀርባዋ ተሸክማ እስከ አውድማው ተመላለሰች፤ ፀሐይ ስትወጣ እግሯን ከቦዩ ታጥባ ወደ በረንዳው መጣች። ይህን ለተመራማሪዋ ከመንገር ማንም አልከለከለንም። እዚያ የነበርነው ሁሉ እናውቃለን፤ ሐጂ እንኳ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ከሜዳው ስትመለስ አይተዋታል። ግን በመከር ወር ሰው ማጨዱን የሚያወራ የለም፤ ፊቱን መታጠቡን እንደማያወራ ሁሉ።

ከዚያ ሮጡ። በሩዙ መሀል ወደ ጣና የሚወስደውን የጋሪ መንገድ ይዘው ሄዱ። ጉሙ ገና ጨርሶ አልተነሳም ነበር። መጀመሪያ እግራቸው ጠፋ፤ ከዚያ ወገባቸው፤ ከዚያ የልጄ ቀይ ሻሽ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጠፋ። ነጫጭ ወፎች ከተነሱበት ቦታ ሯጮቹ የደረሱበትን እገምት ነበር። ወፎቹ እዚህ ይነሳሉ፣ ያርፋሉ፤ ወዲያ ራቅ ብለው ሌሎች ይነሳሉ። ልጄ በወፍ የምትታይበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስትመለስ ላቧ ይጨሳል፤ ዓይኗ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ዓይን ይመስላል። እንደ ቆመች ተመራማሪዋ ቀዳቻት። ከዚያ አርፋ ደግሞ ቀዳቻት።

ተመራማሪዋ ብልቃጦቹን በሐጂ ጄኔሬተር በሚሠራ ማሽን ውስጥ አሽከረከረቻቸው። ሲወጡ ደሙ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከታች ቀዩ፣ ከላይ የበሰለ የሩዝ ማሳ የሚመስል ቢጫ ውሃ።

«ክሩ እዚህ ቢጫው ውስጥ ነው» አለችኝ።

ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አነሳችልኝ። ቢጫው አበራ። ልጄ እዚያ ውስጥ፣ በቁራጭ በቁራጭ፣ ትዋኛለች። ምንም አላየሁም፤ ግን ለረጅም ጊዜ አየሁ።

ውጤቱ የመጣው የሩዙ አጨዳ ሳያልቅ ነው። አሰልጣኙ ወደ ማምሻው ላይ መጣ፤ ሲመጣ ሁሌ የሚያፏጨው ሰውዬ አላፏጨም። ስልኩን ደውሎ ሰጠኝ። ተመራማሪዋ ነበረች። የሌሎቹ ልጆች ደም እንደተጠበቀው ነው፤ ቁርጥራጩ ሳይሮጡ ዝቅ፣ ሮጠው ከፍ፣ አርፈው መልሶ ዝቅ። የእኔ ልጅ ግን ገና ሳትሮጥ በተቀዳው ደሟ ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ።

«ያረፈ ሰው ደም አይመስልም» አለችኝ። «ምንም ላይሆን ይችላል፤ እናቴ። ግን ሰው ሳይደክም ከፍ ሲል አንዳንዴ የተደበቀ ቁስለት ይሆናል፤ አንዳንዴ ኢንፌክሽን፤ አንዳንዴም…»

«አንዳንዴም ምን?»

«ከባድ በሽታም ሊሆን ይችላል። ልዋሽዎት አልፈልግም። ደግሜ ልቀዳት እመጣለሁ።»

ካምፑም ድጋሚው ምርመራ ሳይታይ አይቀበላትም ተባለ። እኔ ካምፑን ረሳሁት። ከስልኩ ውስጥ የሰማሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ከባድ በሽታ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ሕልም ናቸው። ሥራ እሠራለሁ፤ ሩዝ አበራያለሁ፣ አሰጣለሁ፣ ወፍ አባርራለሁ፤ ግን እጄ ነው የሚሠራው። ልጄ ውሃ ስትጠጣ ጉሮሮዋን አያለሁ። ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። የዓይኗን ነጭ፣ የጥፍሯን ሥር፣ የምላሷን ቀለም ሰበብ እየፈለግኩ አያለሁ።

«እማ፣ በግ ልትገዢ ነው እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ጥርሴንም እይልኝ እንጂ!»

ሳቅን። ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ አልወረደም። በኋላ ብቻዋን ከቦዩ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

«ምን ሆንሽሳ?»

«ምንም። ድሮ ስሮጥ ሰውነቴ የራሴ ነበር። አሁን የሰው ዕቃ የያዝኩ ይመስለኛል። እንዳይሰበር እያልኩ ነው የምረግጠው።»

እኔ ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ ነው የያዝኳት። ያ ሸክም ወደ እሷ እንዲተላለፍ ግን ፈልጌ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ቀትር ላይ፣ ከተሰጣው ሩዝ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሸለብ አደረገኝ። ሜዳው እንደ ነሐሴ ውሃ ሞልቶ አየሁ። በውሃው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ክሮች ይንሳፈፋሉ፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ያበራሉ። እኔ ወንፊት ይዤ ውሃ ውስጥ እገባለሁ፤ ክሮቹን ልሰበስብ። ወንፊቱን ሳነሳው ባዶ ነው። ግን አልተከፋሁም። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር፤ ክሮቹም እግሬን እየነኩ ወደ ጣና ይሄዱ ነበር። ስነቃ ወፎች ሩዙን ሲበሉ አገኘኋቸው።

ተመራማሪዋ ሳትነግረን በጠዋት መጣች። ቤታችን ከተኛው ባለቤቴ በቀር ሰው የለም። ሸክላ ሠሪዋ «ሁሉም አጨዳ ላይ ናቸው» ብላ በሩዙ መሀል አመጣቻት። ንጹሕ ጫማዋ በጭቃ ተውጦ አንዱን በእጇ ይዛለች። ከድንበሩ ላይ ቆመች። የዚያን ዕለት ወንፈሉ ብዙ ሰው ነበረው። ልጄ ከወንዶቹ እኩል ተሰልፋ ማጭዷ ይበራል፤ ነዶ ስትሸከም በጀርባዋ ላይ የቆመው ሩዝ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሩዙ እግር አውጥቶ ወደ አውድማው የሚሮጥ ይመስላል። ተመራማሪዋ ለረጅም ጊዜ አየች።

ከዚያ ጠራቻት። «ነይ እስቲ። ያን ቀን፣ ደም የቀዳሁሽ ቀን፣ ከእኔ ዘንድ ከመምጣትሽ በፊት የት ነበርሽ?»

«እዚህ።»

«እዚህ ምን ትሠሪ ነበር?»

«አጭድ ነበራ። ወንፈል ነበረብን።»

«እንደዛሬው?»

«አይ፤ ያን ቀን ቀላል ነበር። ጥቂት ነዶ ነው የተሸከምኩት።»

ተመራማሪዋ ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ሮጠሻል ወይ ብዬ ጠየቅሁ እኮ!»

«አልሮጥኩምማ» አለች ልጄ። «ነዶ ይዞ ይሮጣል እንዴ?»

ወንፈልተኞቹ ማጭዳቸውን ይዘው ሰበሰቡን። ነገሩን ስነግራቸው አንዱ «ይህቺ ሴትዮ የእኛን ሁሉ ብትቀዳ ሞተዋል ብላ ትመዘግበን ነበር» አለ፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ተመራማሪዋን ክንዷን ያዝኳት።

«እንግዲያ ደህና ናት?»

ሳቋን ቶሎ ሰበሰበች። «ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። ድካም ቁርጥራጩን ያበዛዋል፤ ሩጫም ይሁን አጨዳ ደሙ አይለይም። ግን በግምት አልተዋትም። ከአሁን ጀምራ ነገንም ቀኑን ሙሉ ትረፍ፤ በማግስቱ እቀዳታለሁ። ማረፍ ስል ምንም አትሥራ ማለቴ ነው። ውሃ እንኳ አትቅዳ።»

በመከር ወር፣ ወንፈል ባለበት፣ ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ መተኛት! ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተራዋን የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል፤ አባቷ ገና አልበረታም፤ እኔም የራሴ ተራ ነበረብኝ። ያኔ ሸክላ ሠሪዋ ከልጄ እጅ ማጭዱን ተቀበለች።

«እኔ በእሷ እግር እቆማለሁ» አለች። «እኔ ያጨድኩትን አልበላም የሚል ካለ ድርሻውን ለእኔ ይተው፤ ብዙ ሆዳም አለብኝ።»

ከዚያ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ «ነዶ ነዶ ነው፤ ወደ መስመርሽ ግቢ» አሏትና አጎነበሱ። ሌላውም አጎነበሰ።

ልጄ በማግስቱ ተኛች። ከእሷ በቀር መተኛት ይህን ያህል የከበደው ሰው አላየሁም። በመስኮቱ የሚያልፍ ሁሉ «ሙሽሪት ደህና ዋልሽ?» ይላታል። እሷም ከውስጥ «ድምፅ ቀንሱ፤ ሀኪም አትድከሚ ብሎኛል!» ትላለች። አባቷ እንኳ ትኩሳቱ ለቆት ነበርና እግሯ ሥር ተቀምጦ «እኔ ስታመም እንዲህ አልታዘዛችሁልኝም» እያለ ያጉረመርም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ ተመራማሪዋ ቀዳቻት። ሳጥኗንም ይዛ ወደ ባሕር ዳር ሄደች።

ካምፑ ግን አልጠበቀም። አሰልጣኙ ነገሩን አስረድቶላቸው ኖሮ፣ ትግባና ውጤቷ ይከተላታል ተባለ። የጎንደሩ መንገድና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ቦታ፣ ወረታ ላይ፣ ሸኘኋት። ባጃጆች ይጮሃሉ፤ የጭነት መኪኖች አቧራ ያስነሳሉ። ሻንጣዋ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ብርድ ልብስ ከብዶኛል ብላ ልታወጣ ስትል እኔ ስመልስ፣ እሷ ስታወጣ እኔ ስመልስ፣ መኪናው ሞተሩን አስነሳ።

«እማ፣ ውጤቱ ሲመጣ እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። «እንዳታሳምሪልኝ። አንቺ ስትፈሪ ታሳምሪያለሽ።»

«እውነቱን እነግርሻለሁ» አልኳት።

ደርሻለሁ ብላ ደወለች። ብርዱ ጥርስ እንደሚያፋጭ፣ ገና በዝግታ እንደምትሮጥ፣ በእያንዳንዱ ዳገት ላይ ስለ ደሟ እንደምታስብ ነገረችኝ። ከዚያ አገሩ ሰላም አጣና ስልክ ጠፋ። መጀመሪያ የእኛ፣ ኋላ የነሱ፣ ኋላም የሁሉም። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

ተመራማሪዋ መንገድ በተከፈተ ቀን ወደ ጎንደር ስታልፍ ከሐጂ በረንዳ ወረደች። እኔን ፍለጋ ሰው ላከች። ሮጬ ደረስኩ፤ ከዚያ በፊት የሮጥኩት መቼ እንደሆነ ራሴም አላውቅም።

«ዝቅ ብሏል» አለችኝ ገና ከሩቅ። «ተኝታ የቀዳሁት ደሟ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ከጓደኞቿ ደም አይለይም። ያን ቀን ያየሁት ድካም እንጂ በሽታ አልነበረም።»

ከበረንዳው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ውሃ አመጡልኝ። መንገዱ፣ ባጃጁ፣ የሰዉ ድምፅ ሁሉ ራቀብኝ፤ የሰማሁት የራሴን ደም ነው፤ በጆሮዬ ውስጥ እንደ ወንዝ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ሳያስፈራኝ አዳመጥኩት።

ይህን ለልጄ ልነግራት አልቻልኩም። ደወልኩ፤ አይገባም። ወደ ደብረ ታቦር በሚወጡ ሾፌሮች መልእክት ላክሁ፤ አንዱ ደረሰልኝ፣ ካምፑ ግን ከነበረበት ተነሥቷል አሉት። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘም። አሰልጣኙም ከእነሱ ጋር ነበረ። እኔ እዚህ የምሥራቹን ይዤ፣ እሷ እዚያ፣ የት እንደሆነ በማላውቀው ዳገት ላይ፣ ታማሚ ነኝ እያለች በዝግታ ትሮጣለች። ወይም ሩጫውን ትታዋለች። አላውቅም።

ረጅም ናት፤ ቀጭን። በግራ ቅንድቧ ላይ ከልጅነቷ ያለ ትንሽ ጠባሳ አለ። ከወረታ ነኝ ትላለች፤ ሩጫዋን ከጠየቋት አታፍርም። ያያት፣ ወይም ሯጮቹ ወዴት እንደተዛወሩ የሰማ ሰው ካለ፣ ደሟ ደህና መሆኑን ይንገርልኝ፤ እሷ እንዴት እንደሆነችም ለእኔ ይላክልኝ።